ጀልባው ውስጥ ምን አለ?

አባቴን ለሰባት ወር ዋሸሁት።

ህንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ፣ ማስተርሴን እየተማርኩ ሳለ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለት ፈተና ወደቅኩ። እዚያ ተማሪው «ኤቲኬቲ» ይለዋል። የወደቀውን ፈተና ተሸክሞ ወደሚቀጥለው ሴሚስተር ያልፋል፤ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ይፈተናል። ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። እኔ ግን ቤት ስደውል «ሁሉንም አልፌአለሁ አባዬ» አልኩ።

አባቴ በጣም ደስ አለው። በንጉሡ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ሒሳብ ያስተማሩት ህንዳዊ መምህር ነበሩ። ልጁ እሳቸው አገር ሄዶ መማሩን እንደ ትልቅ ክብር ነበር የሚያየው። በማግስቱ ለእድር ጓደኞቹ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። «ውጤትህን በፎቶ ላክልኝ» ሲለኝ የዩኒቨርሲቲው ዌብሳይት እየሠራ አይደለም አልኩት። የሁለተኛውን ሴሚስተር ሲጠይቀኝ ገና አልወጣም አልኩት። ስልኩ በጠራ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር። እናቴን እንኳ ሸሸኋት፤ የእሷ ጥያቄ «በላህ ወይ?» ብቻ ነበር።

ይህን የምጽፈው ከቤቱ ርቆ ለሚኖር፣ ስልክ ባነሳ ቁጥር «ደህና ነኝ፣ ሁሉ ሰላም» ለሚል ሰው ነው። እኔ ከዚያ የወጣሁት ማራቲ የሚባለውን የዚያን አካባቢ ቋንቋ በሚናገሩ አንዲት አሮጊት እጅ ነው። ያስተማሩኝም በሂንዱ እምነት «ሳትያ» የሚባለውን ልምምድ ነው። ሳትያ እውነት ማለት ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ፤ ያኔም ነበርኩ፣ ዛሬም ነኝ። እሳቸውም አንድ ቀን እምነትህን ለውጥ አላሉኝም።

የምኖረው ኮትሩድ በሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ታች የቤቱ ባለቤቶች አሉ፤ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት። ሚስትየዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ሳንስክሪት የሚባለውን ጥንታዊ የህንድ ቋንቋ ያስተማሩ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «አጂ» ይላቸዋል፤ በማራቲ አያት ማለት ነው። እኔም አጂ እላቸው ነበር። እሳቸው «ባላ» ይሉኛል፤ ልጄ እንደማለት ነው።

አንድ ቀን ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ዕለት «ማታ ሳትያናራያን አለን፣ ና» አሉኝ። ሳትያናራያን ማለት የእውነት ጌታ የሆነው ናራያና፣ ማለትም ቪሽኑ የሚባለው የሂንዱ አምላክ ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ጸሎት ቤቱ ውስጥ ያደርገዋል። አዲስ ቤት ሲገባ፣ ልጅ ሲዳር፣ ወይም እንዲሁ ለምስጋና። ሳሎኑ መሐል ዝቅ ያለች ጠረጴዛ ተቀምጣለች። አራቱ ማዕዘኗ ላይ የሙዝ ግንድ ከነቅጠሉ ታስሯል። መሐሏ ላይ ውኃ የያዘ የመዳብ ማሰሮ፣ አፉ ላይ ቅጠልና ኮኮናት። ጎረቤቱ ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጧል። ካህኑ አምስት ምዕራፍ ያለው ታሪክ ያነባሉ። አጂ አጠገቤ ሆነው በሹክሹክታ ይተረጉሙልኛል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ነጋዴ ልጅ አልነበረውም። ልጅ ካገኘሁ ይህን ጸሎት አደርሳለሁ ብሎ ተሳለ። ሴት ልጅ ወለደ። «ስትዳር አደርሳለሁ» አለ። ተዳረች፤ አሁንም ተወው። ስለት በሚከበርበት አገር ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ የሚመጣውን ያውቀዋል። ነጋዴው ከአማቹ ጋር ንግድ ሄዶ ሳይሰርቅ በሌብነት ተከሰሰና ታሰረ። ቤት የቀሩት ሚስቱና ልጁ ጸሎቱን ሲያደርሱ ግን ተፈታ፤ ሀብቱም ተመለሰለት። ጀልባውን ሞልቶ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ መናኝ ወንዙ ዳር አገኘውና «ጀልባው ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀው። ነጋዴው ገንዘብ ሊለምነኝ ነው ብሎ «ቅጠልና ሐረግ ብቻ ነው» አለው። መናኙ አልተቆጣም። «ቃልህ እውነት ይሁን» ብሎት ሄደ። ነጋዴው ዞር ቢል ጀልባው ቀልሎ ውኃው ላይ ከፍ ብሏል። ገልጦ አየ። ቅጠልና ሐረግ።

መናኙ ራሱ ሳትያናራያን ነበር። ነጋዴው ሮጦ እግሩ ላይ ወደቀ፣ ይቅርታ ለመነ፣ ንብረቱም ተመለሰለት። እኔ ግን መጨረሻውን በቅጡ አልሰማሁትም። «ቃልህ እውነት ይሁን» የሚለው ላይ ቀርቻለሁ። ነጋዴው ወርቅ ይዞ ቅጠል ነው አለ። እኔ ቅጠል ይዤ ወርቅ ነው አልኩ። ያም ሆነ ይህ ጀልባው ውስጥ ያለውን የማያውቀው የጠየቀው ሰው ነው፤ የእኔ ጠያቂ ደግሞ አባቴ።

ጸሎቱ ሲያልቅ ለሁሉም ሺራ ታደለ። ሸካራ የስንዴ ዱቄት በቅቤ ተጠብሶ፣ ወተት፣ ስኳርና ሙዝ ተጨምሮበት ይበስላል። የሚለካውም ሁሉም በአንድ ከሩብ፣ በአንድ ከሩብ ነው። የተባረከ ምግብ ስለሆነ ሳይቀምሱ መሄድ ነውር ነው። እኔ አልወርድልህ አለኝ። እንግዶቹ ሲሄዱ ሳህን ለማጠብ ወጥ ቤት ገባሁና ለአጂ ሁሉንም ነገርኳቸው። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«አሁኑኑ ደውል» ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ዛሬ አትደውል» አሉኝ። «ዛሬ ብትደውል የሚናገረው ፍርሃትህ ነው። አባትህ የሚሰማውም ፍርሃትህን ነው። መጀመሪያ በትንሹ ተለማመድ።»

ከዚያ ማታ በኋላ ነው እውነት መናገር ልምምድ እንደሚፈልግ የገባኝ። እስከዚያ ድረስ እውነተኛ ሰው ማለት እንዲሁ የተፈጠረ ሰው ይመስለኝ ነበር። አጂ ግን እንደ ጾም ነበር የሚያወሩት። «ታፓስ» ይሉታል፤ ራስን የሚያነጥር ተጋድሎ ማለት ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዓይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም ሲባል ሰምቼ ስላደግኩ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። የምግቡን እጾማለሁ። የአንደበቱን አስቤበት አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን የአምስት ሩፒ ሳንቲም አውጥተው አሳዩኝ። የህንድ ዓርማ ከሆኑት አንበሶች ሥር ትንሽ ጽሑፍ አለች። «ሳትያሜቫ ጃያቴ» ትላለች፤ እውነት ብቻዋን ታሸንፋለች። ህንድ ሪፐብሊክ ስትሆን፣ በ1950 እ.ኤ.አ.፣ የአገር መፈክር አድርጋ የወሰደቻት ናት። የተገኘችው ሙንዳካ ኡፓኒሻድ ከሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። «ሰው እዚህ ላይ ያቆማል» አሉኝ አጂ። «ፍርድ ቤት የምታሸንፍ ይመስለዋል። ቀጥሎ ያለውን ግን አያነብም። ወደ አማልክት የሚወስደው መንገድ የተዘረጋው በእውነት ነው ይላል። ስለ መንገድ ነው የሚያወራው።» ሳትያ የሚለው ቃል ራሱ የመጣው «ሳት» ከሚለው ነው። ሳት ማለት ያለ፣ የሚኖር ማለት ነው። ያለውን እንዳለ መያዝ ነው እንግዲህ። በአማርኛስ እውነትና እውን ጎረቤት አይደሉ?

ልምምዱ የጀመረው በደብተር ነው። ማታ ማታ፣ ቀኑን ሙሉ የተናገርኩትን እውነት ያልሆነ ነገር ሁሉ እጽፋለሁ። ራሴን ሳልሳደብ፣ ሳላመካኝ፣ መጻፍ ብቻ። የመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ጻፍኩ። «መንገድ ላይ ነኝ» ብዬአለሁ፤ አልጋ ውስጥ ነበርኩ። «በልቻለሁ» ብዬአለሁ፤ አልበላሁም፣ ይሉኝታ ነው። ያላነበብኩትን ጽሑፍ «አዎ፣ አይቼዋለሁ» ብዬአለሁ። ከዘጠኙ ሰባቱ ምንም የማይጠቅሙኝ ነበሩ። ባልላቸው አንድም ነገር አይጎድልብኝም። አፌ ለምዶባቸው ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ከትንሹ ጀምር ያሉኝ። እናንተም ብትሞክሩት ከ«መንገድ ላይ ነኝ» ጀምሩ። «ገና አልወጣሁም፣ ሃያ ደቂቃ ያቆየኛል» ማለት መጀመሪያ ጉሮሮ ይይዛል። በሁለተኛው ሳምንት ይቀላል።

ደብተሩ ላይ የት እንደማስገባቸው የቸገሩኝ ነገሮች ነበሩ። ለምሳሌ የዌብሳይቱ ነገር። አባቴ በጠየቀኝ ቀን ዌብሳይቱ እውነትም አልከፈት ብሎ ነበር። እንግዲህ ውሸት ነው? ይህን ስጠይቃቸው አጂ የዩዲሽቲራን ታሪክ ነገሩኝ። ማሃባራታ በሚባለው ታላቅ ድርሳን ውስጥ ያለ፣ በእውነተኛነቱ የታወቀ ንጉሥ ነው። ሠረገላው ከመሬት አራት ጣት ከፍ ብሎ ነበር የሚሄደው። በጦርነቱ መሐል ጠላት የሆኑትን አስተማሪውን ድሮናን ለመጣል አንድ ዘዴ ተመከረ። የልጃቸው ስም አሽዋታማ ነው። በዚያው ስም የሚጠራ ዝሆን ተገደለና «አሽዋታማ ሞተ» ተባለ። ድሮና ሌላውን አላመኑም፤ ዩዲሽቲራን ጠየቁ። እርሱም «አሽዋታማ ሞቷል» አለና «ዝሆኑ» የሚለውን በማይሰማ ድምፅ ጨመረ። ቃል በቃል ካየነው አልዋሸም። የዚያን ጊዜ ግን ሠረገላው መሬት ነካ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ዌብሳይቱን ከውሸቶቹ ጎን ጻፍኩት። መለኪያው ቃሉ ብቻ አይደለም። ሰውየው ከእኔ ቃል ተነሥቶ ምን እንዲያምን ፈለግኩ? እሱ ነው።

ሁለተኛው ልምምድ ዝምታ ነው፤ «ማውና» ይባላል። ጋንዲ ሰኞ ሰኞ አይናገሩም ነበር። አጂ ደግሞ ጠዋት ተነሥተው ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ ቃል አይወጣቸውም። እኔ እሑድ እስከ እኩለ ቀን ዝም ማለት ጀመርኩ። ስልክ አጥፍቼ፣ አንዳንዴ ቬታል ቴክዲ የሚባለው ኮረብታ ላይ ወጥቼ። ዝም ስትሉ ልትናገሩት የነበረውን ታዩታላችሁ። ስንቱን ነገር ለመታየት ብቻ ልናገረው እንደነበር ያወቅኩት እዚያ ነው። ስለዚህ ልምምድ ብዙ የምለው የለኝም፤ ማድረግ ነው የሚሻለው።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ፤ ይህን መንገድ የጀመረ ሰው ሳይወድቅበት አይቀርምና። መስከረም ላይ የእንቁጣጣሽ ዕለት የአበሻ ተማሪዎች አንድ ቤት ተሰብስበን ነበር። አንድ ጓደኛችን ለእንግዶች ቴሲሱን እንደጨረሰ፣ ሊያቀርብ ቀን እየጠበቀ እንደሆነ ያወራል። እኔ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ራሴን ስጠብቅ ከርሜአለሁ። «ገና ምዕራፍ ሁለት ላይ አይደለህ እንዴ?» አልኩት፣ በሰው ፊት። ቤቱ ጸጥ አለ። ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ። ወደ ቤቴ ስመለስ ልቤ ውስጥ ኩራት ነበረ። እውነቱን ነዋ የተናገርኩት።

አጂ ያመሰግኑኛል ብዬ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ካውሺካ ስለሚባል ባሕታዊ ነገሩኝ፤ እሱም ማሃባራታ ውስጥ አለ። ሁልጊዜ እውነት እናገራለሁ ብሎ የተሳለ ሰው ነው። አንድ ቀን ወንበዴ የሚያሳድዳቸው ሰዎች በአጠገቡ ሮጠው ጫካ ገቡ። ወንበዴዎቹ ደርሰው «በየት ሄዱ?» አሉት። ስእለቱን እንዳያፈርስ ጠቆማቸው። ሰዎቹ ተገደሉ። ካውሺካም ሲሞት ገነት አልገባም፤ ሲዖል ወረደ።

ከዚያ ጣታቸውን እየቆጠሩ ዮጋ ሱትራ የሚባለውን የፓታንጃሊ ጥንታዊ የዮጋ መጽሐፍ አስታወሱኝ። እዚያ ውስጥ ያማ የሚባሉ አምስት መታቀቦች አሉ። አለመጉዳት፣ እውነት፣ አለመስረቅ፣ ራስን መግዛት፣ አለመስገብገብ። «እውነት ስንተኛ ነው?» አሉኝ። ሁለተኛ ነው። አንደኛው አሂምሳ ነው፣ አለመጉዳት። «በአንደኛው በር ሳትገባ ሁለተኛው ክፍል አትደርስም።»

ባጋቫድ ጊታ በሚባለው የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ፣ ምዕራፍ 17 ላይ፣ የአንደበት ታፓስ ምን እንደሆነ ተጽፏል። ንግግሩ ሰውን የማያውክ፣ እውነት የሆነ፣ ለጆሮ የሚስማማና የሚጠቅም ይሁን ይላል። አራቱም አብረው። እኔ ያን ቀን ከአራቱ አንዱን ብቻ ነበር የያዝኩት። የማኑ ሕግ የሚባለው ጥንታዊ የሂንዱ የሕግ መጽሐፍም «ደስ የማያሰኝ እውነት አትናገር፣ ደስ የሚያሰኝ ውሸትም አትናገር» ይላል። በግልጽ ልናገርና፣ የመጀመሪያው ክፍል እስካሁን አይዋጥልኝም። መራራ እውነት መነገር ያለበት ጊዜ አለ። የአጂ ትርጓሜ ግን ረድቶኛል። እንደ እሳቸው አባባል፣ የሚመረው አነጋገርህ ከሆነ አነጋገርህን አስተካክል፤ የሚመረው እውነቱ ከሆነ ለብቻው ወስደህ ቀስ ብለህ ንገረው።

በሁለተኛው ቀን ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያም እኔ ራሴ ሁለት ፈተና ወድቄ አባቴን እየዋሸሁ እንደሆነ ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። ሻይ አፈላ። እስከ ማታ አወራን።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰበብ አልቀረኝም። ፑኔ ውስጥ የአጋ ካን ቤተ መንግሥት አለ። እንግሊዞች ጋንዲን ከነሐሴ 1942 እስከ ግንቦት 1944 እ.ኤ.አ. ያሰሩት እዚያ ነው። ባለቤታቸው ካስቱርባና ጸሐፊያቸው ማሃዴቭ ዴሳይ በእስር ላይ ሳሉ የሞቱት እዚያ ነው፤ መታሰቢያቸው ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን አለ። አንድ ጠዋት ሄጄ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ጋንዲ በሕይወት ታሪካቸው የጻፉትን አንድ ነገር እያሰብኩ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ከወንድማቸው የእጅ አምባር ትንሽ ወርቅ ሰርቀው ነበር። ለአባታቸው በአፍ መናገር ስላቃታቸው በወረቀት ጻፉት፤ ቅጡኝም አሉ። አባት ታመው ተኝተዋል። ተነሥተው አነበቡት፣ እንባቸው ወረቀቱን አራሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ፣ ወረቀቱን ቀደዱትና ተመልሰው ተኙ።

እኔም እዚያው ጻፍኩ። ሦስት መስመር ነው የወጣኝ። «አባዬ፣ ሁለት ፈተና ወድቄአለሁ። ለሰባት ወር ዋሽቼሃለሁ። ኅዳር ላይ ደግሜ እፈተናለሁ።» ምክንያት የሚለውን ሁሉ ሰረዝኩት። የሚከብዳችሁን ነገር ከመናገራችሁ በፊት ጻፉት፤ ስትጽፉት ማመካኛው ለዓይን ይታያል።

ማታ ደወልኩና አነበብኩለት። እንደ ጋንዲ አባት አልሆነም። ዝም አለ። «ሰምቻለሁ» አለና ዘጋው።

ለአሥራ አንድ ቀን አልደወለም፤ እኔ ስደውልም አላነሳም። እናቴ ታለቅሳለች። ያን ጊዜ ምን አለ ባልተናገርኩ ያልኩበት ሌሊት አለ። እውነት ሲናገሩ ወዲያው ይቀላል የሚል ሰው ካለ አትመኑት። የቀለለኝ የስልኩ ጥሪ ብቻ ነው። ሲጠራ ሆዴን መቁረጡ ቆመ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እህቴ ደወለችልኝ። አባቴ እሑድ እድር ሄዶ እንደነበር ነገረችኝ። ሥራቸውን ጨርሰው ሊነሡ ሲሉ «አንድ ነገር ላርም» ብሎ ቆመ። «ልጄ ሁሉንም አልፏል ብያችሁ ነበር። ሁለት ወድቋል። ራሱ ነው የነገረኝ» አላቸው። ከዚያ ቤት መጥቶ ምሳውን በላ። ማታ ለእኔ ደወለልኝና «ስንት ብር ነው መፈተኛው?» አለኝ።

ኅዳር ላይ ሁለቱንም ተፈተንኩ። አንዱን አለፍኩ፣ አንዱን እንደገና ወደቅኩ። ውጤቱ የወጣ ቀን፣ ገና ከኮምፒውተሩ ሳልነሣ፣ ደወልኩለት።

ትምህርቴን ጨርሼ አዲስ አበባ ከገባሁ ቆይቻለሁ። የነጋዴውን ታሪክ ለአባቴ ነገርኩት፤ በጣም ወደደው። አሁንም ደብተሩ አለኝ። በየቀኑ አይደለም የምጽፈው። ሥራ የበዛበት ሰሞን «መንገድ ላይ ነኝ» ተመልሳ ትመጣለች፤ ሳያት እጽፋታለሁ።

አባቴ አሁን አርጅቷል። ስደውልለት «እንዴት ነህ?» ይለኛል፤ «ደህና ነኝ» እለዋለሁ። ትንሽ ጠብቆ «ጀልባው ውስጥ ምን አለ?» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ልጄ አተኩሷት ሁለት ሌሊት አልተኛሁም ነበር፤ ከባለቤቴም ጋር ተኳርፈናል። ሁለቱንም ነገርኩት።